የጠላ ሙያ ከየት ይሸመታል?

በመካነ ሰላም ገበያ ገብስ በቁና ይሰፈራል፤ ጌሾ በእቅፍ ይሸጣል፤ ጋን ደግሞ በጣት እየተኳኳ ድምፁ ተሰምቶ ይገዛል። የጠላ ጠማቂዋ የወጪ መዝገብ ቢኖር እነዚህ ሦስቱ ከነማገዶው በተራ በተራ ይሰፍሩበት ነበር። በቁናም ሆነ በሚዛን የማይለካ፣ ዋጋም የማይጠራለት አራተኛ ግብዓት ግን አለ፤ ሙያ። ለስንት እጅ ብቅል ስንት እጅ ጌሾ ይበቃል? ቂጣው ምን ያህል ይጥቆር? ጥንስሱ ስንት ቀን ይቆይ? ጋኑ መቼ ይመረግ? የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የገብሱን ያህል የጠላውን ዋጋ ይወስናል። ሆኖም ገበያ ወጥቶ የሚገዛ አይደለም።

ይህ ሙያ ለዘመናት ከእናት ወደ ልጅ በጓዳ ውስጥ ሲተላለፍ ኖሯል። ዛሬ ግን ምንጩ በዝቷል። ስልክ የያዘች ወጣት «የጠላ አጠማመቅ» ብላ ብትፈልግ የሚታይ ተንቀሳቃሽ ምስል አታጣም። የዩኒቨርሲቲ ምሁራን ስለ ጠላ የጻፉት ጥናትም በነፃ ይገኛል። በቤታቸው ቢራ የሚጠምቁ ፈረንጆች ያሳተሙት መመሪያም እንዲሁ። ጥያቄው ታዲያ መረጃ አለ ወይስ የለም የሚል መሆኑ ቀርቷል። ከዚህ ሁሉ መሐል ለምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ የሚሆነው የቱ ነው? ተሳስታ የተሳሳተ ምክር የተከተለችስ ጠማቂ ኪሳራው በማን ላይ ይወድቃል? የሚሉት ናቸው ጥያቄዎቹ።

ገብስ ያለበት አገር

መካነ ሰላም ከደሴ በስተምዕራብ፣ በቦረና ወረዳ የምትገኝ የደጋ ከተማ ናት። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ብላ ተቀምጣለች። ከደሴ በአቀስታ በኩል የሚመጣው መንገድ ከተማዋን አልፎ ዓባይን በመሻገር ወደ ምሥራቅ ጎጃም ይዘልቃል። በአቅራቢያዋ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ ይገኛል።

የዚህ አካባቢ የደጋው ክፍል የገብስ አገር ነው። በተለይ ለጋምቦንና ሳይንትን በመሰሉት ከፍታዎች በበልግ ዝናብ የሚዘራው ገብስ ለብዙ ገበሬ ዋነኛ እህል ነው። የበልግ ገብስ የሚታጨደው የመኸሩ እህል ከየጎተራው ተሟጦ ዋጋ በሚንርበት በክረምቱ መግቢያ ነው። በመሆኑም በልግ ሲሰምር ጠማቂዋ ትንፋሽ ታገኛለች። በልግ ሲከዳ ግን ከሰኔ እስከ ጥቅምት ያለውን ጊዜ በተወደደ እህል ትገፋዋለች።

የጠላው ፍላጎትም የራሱ ወቅት አለው። በጥር ሠርግና ጥምቀት አለ። ከዚያ ፋሲካ፣ በመስከረም መስቀል ይመጣል። በየወሩ ማኅበርና ሰንበቴ፣ በየመካከሉ ተዝካርና የደቦ ሥራ አይጠፋም። ለእነዚህ የሚጠመቀው ጠላ አብዛኛው ለገበያ የሚወጣ አይደለም። ባለቤቱ ቤት ተጠምቆ ቤት ይጠጣል። ለሽያጭ የምትጠምቀው በአብዛኛው ሌላ ናት፤ ከደጇ በእንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ ገልብጣ የምትሰቅለው፣ ብዙ ጊዜም ቤቷን ብቻዋን የምታስተዳድረዋ ሴት። ለዚህች ሴት ጠላ መጠጥም ባህልም ከመሆኑ በፊት የዕለት ጉርስ፣ የልጅ ደብተርና የቤት ኪራይ ነው።

አካባቢው ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ተጎራብቶ የሚኖርበት በመሆኑ ገበያው ሌላም ዘርፍ አለው። ጌሾ የማይገባበት ቀሪቦ በወሎ የታወቀ መጠጥ ነው። በደንብ ከተቆላ ገብስ ይዘጋጃል፤ እንደ ጠላ ለቀናት ሳይብላላ ቶሎ ይጠጣል። ጠላ ለማይጠጣ እንግዳ የሚቀርበውም እርሱ ነው። በአንድ ማጀት የተቆላ ገብስ ለሁለት ገበያ ሊበቃ እንደሚችል ልብ ያለች ነጋዴ የእህል ወጪዋን ለሁለት ታካፍላለች።

አንድ ጋን ሲበላሽ

ሙያ ለምን ዋጋ እንዳለው በቁጥር ማየት ይጠቅማል። ለስሌት እንዲመች አንድ ጋን ጠላ ለማውጣት እህሉ፣ ጌሾው፣ ማገዶው፣ ወፍጮውና ውኃው ተደምሮ 100 ብር ይፈጃል እንበል። ቁጥሩ የገበያ ዋጋ አይደለም፤ ለማስያ የተያዘ ነው። ጠላው 120 ብር ቢሸጥ ትርፉ 20 ብር ይሆናል። በዚህ ሒሳብ አንድ ጋን ከኮመጠጠና ከተደፋ የጠፋው 100 ብር ነው። ያንን ለመተካት አምስት ጋን በተከታታይ ተሳክቶ ሊሸጥ ይገባል። በሳምንት አንድ ጋን ለምትጠምቅ ሴት የአንዲት ስህተት ዋጋ ከወር በላይ ነፃ ጉልበት ነው። ካፒታሏ ከአንድ ጋን የማያልፍ ከሆነ ደግሞ በማግስቱ የምትጠምቅበት ብድር ፍለጋ መውጣቷ ነው።

እዚሁ ላይ የእህል ዋጋ ይጨመር። ከ100 ብሩ ወጪ 60ው የእህል ነው ብለን ብንነሳ፣ የገብስ ዋጋ በ20 በመቶ ሲጨምር ወጪው 112 ብር ይደርሳል። የጣሳው ዋጋ ባለበት ከቆየ ትርፉ ከ20 ወደ 8 ብር ይወርዳል። የጣሳ ዋጋ ደግሞ እንደ ገብስ ዋጋ በየገበያው ቀን አይንቀሳቀስም፤ ደንበኛ ያኮርፋል፤ ጎረቤት ካለችው ጠላ ቤት ይሄዳል። በዚህ ጊዜ ብዙዎች የሚመርጡት መንገድ ውኃ ማብዛት ነው። ዋጋው ሳይጨምር ጠላው ይቀጥናል። የቀጠነ ጠላ ግን ቶሎ ይኮመጥጣል፤ ደንበኛም ያሸሻል። በመጨረሻ ከዋጋ ጭማሪው የባሰ ጉዳት ያደርሳል።

በመዝገቡ ሌላ ጎን የሚዘነጋ ገቢ አለ፤ አተላ። ጠላው ከተጠለለ በኋላ የሚቀረው አተላ ለከብትና ለበግ መኖ ይሆናል። ለሚያደልቡ ሰዎች የሚሸጥበት ቦታም ብዙ ነው። ከድፍድፉ ላይ ውኃ ተጨምሮ የሚወጣው ቂራሪም እንደዚሁ በቅናሽ የሚሸጥ ሁለተኛ ምርት ነው። ትርፍና ኪሳራ ሲሰላ እነዚህ ሁለቱ ካልገቡ ሒሳቡ ጎዶሎ ነው። የጠማቂዋ ጉልበት ካልገባ ደግሞ ከነጭራሹ ሐሰት ነው። ብቅል ከመዘፍዘፍ እስከ ማጥለል ድረስ ያሉት ቀናት ከመዝገቡ ውጪ ሲቀሩ «አተረፍሁ» የምትለው ሴት የራሷን ደመወዝ ትርፍ ብላ እየጠራችው ሊሆን ይችላል።

የጓዳው ትምህርት ቤት

የመጀመሪያው የሙያ ምንጭ ዛሬም እናት ናት። በጓዳው የሚተላለፈው ትምህርት ሲዘረዘር ረጅም ነው። ገብሱ ይዘፈዘፋል፤ ተጠንፍፎ በቅጠል ወይም በጆንያ ተሸፍኖ ይበቅላል፤ ከዚያ ተሰጥቶ ይፈጫል። ይህ ብቅሉ ነው። የጌሾው ቅጠል ደርቆ ይወቀጣል። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ተፈትጎ ይታጠባል፤ በወይራ ጭስ ይታጠናል። ጌሾው በውኃ ተዘፍዝፎ ጥንስስ ይሆናል። ብቅሉና ጠቆር ብሎ የተጋገረው ቂጣ ገብተው ይደፈደፋል። እንደየቤቱ ልማድ አሻሮ ወይም እንኩሮ ይጨመርበታል። በመጨረሻም ውኃ ተሞልቶ፣ አፉ ተከድኖ፣ ይመረጋል።

በእያንዳንዱ እርምጃ ውስጥ ስሙ ያልተጠራ ሳይንስ አለ። ግራዋውና የወይራው ጭስ ጋኑን ያጸዳሉ፤ ለጠላውም ሽታ ይሰጣሉ። ጌሾው ምሬት ይሰጣል፤ የሚያበላሹ ተሐዋስያንንም ይገታል። በቢራ ፋብሪካ ይህን ሥራ የሚሠራው ከውጭ የሚገባው ሆፕስ ነው። ብቅሉ ደግሞ የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር የሚለውጥ ኢንዛይም ይዟል። ስኳሩን ወደ አልኮል የሚለውጠው እርሾ ነው። ጋኑን መመረግ አየር እንዳይገባ ያደርጋል። አየር ከገባ አልኮሉን ወደ ኮምጣጤ የሚለውጡ ባክቴሪያዎች ሥራ ይጀምራሉ፤ «ጠላው ኮመጠጠ» የሚባለው ያኔ ነው።

የጓዳው ትምህርት ጥንካሬ ለአካባቢው የተሰፋ መሆኑ ነው። የመካነ ሰላም እናት የመካነ ሰላምን ብርድ፣ የአካባቢውን ገብስና የራሷን ጋን ታውቃለች። ድክመቱም ከዚሁ ይመነጫል። መስፈሪያው እጅ ነው፤ ቴርሞሜትሩ ጣት ነው፤ ሰዓቱ ሽታ ነው። እናቲቱ ስታልፍ ልኬቱ አብሯት ይቀበራል። ከገጠር ወደ ከተማ መጥታ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሽያጭ የምትጠምቅ፣ ወይም እናቷን በልጅነቷ ያጣች ሴት ደግሞ ጎረቤቷን መጠየቅ ይኖርባታል። ጎረቤቷ ግን ተፎካካሪዋ ናት። የንግድ ምሥጢር በነፃ አይሰጥም።

በስልክ መስኮት

ክፍተቱን ለመሙላት የገባው ስልክ ነው። በአማርኛ የጠላ አጠማመቅን የሚያሳዩ ተንቀሳቃሽ ምስሎች በዩቲዩብ በብዛት ይገኛሉ። ጥቅማቸው ግልጽ ነው። የቂጣው ጥቁረት በቃል ሲነገር «ጠቆር ይበል» ከመባል አያልፍም፤ በምስል ሲታይ ግን መለኪያ ይሆናል። የድፍድፉ ውፍረትና የብቅሉ ጭራ ርዝመትም እንዲሁ።

ችግሩ ምስሉ የተቀረጸበት ቤትና የምታየው ሴት ቤት አንድ አለመሆናቸው ነው። ሦስት ልዩነቶች ኪሳራ ያመጣሉ።

የመጀመሪያው ሙቀት ነው። እርሾ በሞቀ ቤት ይፈጥናል፤ በብርድ ይዘገያል። በቆላ ከተማ፣ ወይም በውጭ አገር በማሞቂያ በሚሞቅ ቤት የተቀረጸ ምስል «በሦስተኛው ቀን» ያለው የመብላላት ደረጃ በቦረናና በሳይንት ብርድ ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳል። ቀኑን ብቻ ቆጥራ የቀጠለች ጠማቂ ያልደረሰ ጥንስስ ላይ ድፍድፍ ትጨምራለች። ስለዚህ የሚቆጠረው ቀን ሳይሆን ምልክቱ ነው፤ አረፋው፣ ሽታው፣ የጌሾው መንሳፈፍና መስጠም።

ሁለተኛው መስፈሪያ ነው። «አንድ ጣሳ» የሚለው ቃል በየአገሩ የተለያየ መጠን አለው። «አንድ ኩባያ»ም እንዲሁ። የአንድ ሊትር ጣሳና ትንሿ ጣሳ ተምታተው የጌሾው መጠን በእጥፍ ቢበዛ ጠላው ይመራል። ቢያንስ ደግሞ ሳይሸጥ ይኮመጥጣል። የሚጠቅመው ምስል በኪሎና በሊትር የሚናገረው ነው። ያ ከሌለ ግን ንጽጽሩን መያዝ ይሻላል፤ ለአንድ እጅ ጌሾ ስንት እጅ ብቅል፣ ለዚያ ስንት እጅ ዱቄት። መስፈሪያው የትኛውም ይሁን፣ ሁሉም በአንድ ዕቃ ከተሰፈረ ንጽጽሩ አይዛነፍም።

ሦስተኛው እህሉ ነው። ከበቆሎ፣ ከማሽላ ወይም ከጤፍ የሚጠመቀው ጠላና ከደጋ ገብስ የሚጠመቀው ውኃ አያያዛቸውም ቀለማቸውም ይለያያል። ከዚህም በላይ ምስሉን የሚያዘጋጀው ሰው የሚያተርፈው ከተመልካች ብዛት እንጂ ከጠላው ሽያጭ አይደለም። ጠላው ቢበላሽ እርሱ የሚያጣው ነገር የለም። «ጌሾ ወቃጭ ሳለ ብቅል አውራጅ ሰከረ» የሚባለው እዚህ ላይ ይሠራል፤ ልፋቱና ኪሳራው ከጠማቂዋ ጋር ይቀራል፤ ገቢው ግን ሌላ ቤት ይገባል።

ምሁራኑ የለኩት

ከምስሉ ይልቅ የሚታመነው፣ ግን እምብዛም የማይታየው ምንጭ የጥናት ጽሑፍ ነው። ጠላ ብዙዎች ከሚገምቱት በላይ ተጠንቷል።

ሩት ሴሊነስ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ደጋ ስላሉት ባህላዊ ምግቦች ያዘጋጀችው ጥናት እ.ኤ.አ. በ1971 በስዊድን ኡፕሳላ ታትሟል፤ ዛሬም የሚጠቀስ ነው። ሳሙኤል ሳህሌና ብርሃኑ አበጋዝ ጋሼ የጠላን መብላላት በረቂቅ ተሐዋስያን ሳይንስ መርምረው እ.ኤ.አ. በ1991 ሲኔት በተሰኘው የኢትዮጵያ የሳይንስ መጽሔት አሳትመዋል። ሞገሴ አሸናፊ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 በአገሪቱ የሚብላሉትን ባህላዊ ምግቦችና መጠጦች ጥናት ሁሉ በአንድ ሰፊ ጽሑፍ ሰብስበዋል። ኬሚስቱ ብርሃኑ አበጋዝና ባልደረባቸው የጌሾን ቅጠል መራራ ያደረገውን ንጥረ ነገር ለይተው «ጌሾይዲን» የሚል ስም እንደሰጡት እ.ኤ.አ. በ1995 በኢትዮጵያ ኬሚካል ማኅበር መጽሔት አስታውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ሌላ ጽሑፍ የጠላን አጠማመቅ ከጥንስስ እስከ ማጥለል በየደረጃው ይገልጻል፤ ማንም ያለ ክፍያ ሊያነበው ይችላል። የአፍሪካ መጽሔቶችን በኢንተርኔት የሚያቀርበው ድርጅትም ብዙ የኢትዮጵያ መጽሔቶችን በነፃ ከፍቶ አስቀምጧል።

ከእነዚህ ጽሑፎች ጠማቂዋን የሚጠቅም ብዙ ነጥብ ይወጣል። የጠላ አልኮል እንደ አጠማመቁ ከ2 እስከ 6 በመቶ ገደማ ይደርሳል። የተጣራውና ውኃ ያልበዛበት ወደ ላይኛው፣ ቂራሪው ወደ ታችኛው ይጠጋል። ጠላ በራሱ እርሾ ስለሚብላላ ከጋን ጋን ይለያያል፤ ለዚህም ነው ንጽሕና ከሁሉ የሚቀድመው። ከተብላላ በኋላ ቀናት በገፉ ቁጥር ኮምጣጤ ሠሪዎቹ ባክቴሪያዎች ያይላሉ። በሌላ አነጋገር ጠላ እንደ ቲማቲም የሚበላሽ ሸቀጥ ነው፤ የሽያጩ ፍጥነትና የጋኑ መጠን ሊመጣጠኑ ይገባል። ደንበኛዋ ጥቂት የሆነ ጠማቂ ከአንድ ትልቅ ጋን ሁለት ትናንሽ እንስራ ቢያዋጣት አይገርምም።

እንቅፋቱ ቋንቋው ነው። ጥናቱ የተሠራው በአማርኛ ተናጋሪ እናቶች ጓዳ ውስጥ ነው፤ የታተመው ግን በእንግሊዝኛ ነው። ዕውቀቱ ከጓዳ ወጥቶ ባሕር ተሻግሯል፤ ወደ ጓዳ የሚመለስበት መንገድ ግን አልተጠረገም። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በዚሁ በምዕራብ ደቡብ ወሎ መኖሩ፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲም በደሴ መኖሩ ሲታሰብ ሥራው ሩቅ አይመስልም። ከጥናቶቹ የተውጣጣ በአማርኛ የተጻፈ አንድ ባለ ሁለት ገጽ ወረቀት በየቀበሌው ቢለጠፍ የሚያስወጣው ገንዘብ ኢምንት ነው።

ከፈረንጅ ጓሮ ምን ይገኛል?

በቤት ቢራ መጥመቅ ለእኛ አገር ሴት ኑሮ ነው፤ ለአሜሪካዊው የእረፍት ቀን ጨዋታ ነው። በአሜሪካ ሰው በቤቱ ለራሱ የሚጠምቀው ቢራ ከፌዴራል ቀረጥ ነፃ የሆነው ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር እ.ኤ.አ. በ1978 በፈረሙት ሕግ ነው። ቻርሊ ፓፓዚያን የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1984 ያሳተመው መመሪያ ለብዙ ጠማቂዎች የመጀመሪያ መጽሐፋቸው ሆኗል። የጆን ፓልመር መጽሐፍ የመጀመሪያ እትም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2000 በኢንተርኔት በነፃ ወጥቷል።

እነዚህ መጻሕፍት በቀጥታ ለጠላ አይሆኑም። የሚያዙት የታሸገ እርሾ፣ ሆፕስና ከመደብር የሚገዛ ብቅል ነው። ሦስት ትምህርቶቻቸው ግን ድንበር አያግዳቸውም።

አንደኛው ሙቀት ነው። የብቅል ኢንዛይም ስታርችን ወደ ስኳር በደንብ የሚለውጠው ከ62 እስከ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ነው፤ በፈላ ውኃ ግን ይሞታል። ውኃ በመካነ ሰላም ከፍታ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ቢሆንም ይህም ለብቅል እጅግ ይበዛበታል። ስለዚህ ለማፋጠን ብላ የሚንተከተክ ውኃ በብቅሉ ላይ የምታፈስ ሴት ገንዘብ የከፈለችበትን ብቅል በገዛ እጇ ታበላሻለች። ትኩስ ቂጣ ወይም እንኩሮ በረድ ሳይል ከድፍድፉ አይግባ የሚለው የእናቶች ደንብ ከዚሁ ጋር ይገጥማል።

ሁለተኛው ንጽሕና ነው። ፈረንጆቹ ከማንኛውም ግብዓት አስቀድመው ስለ ዕቃ እጥበት ይጽፋሉ። እዚህ ላይ ጋን በፕላስቲክ በርሜል እየተተካ መምጣቱ ጥንቃቄ ያሻዋል። ፕላስቲኩ አይሰበርም፤ ለማጠብም ይቀላል። ነገር ግን ቀድሞ ኬሚካል የተጓጓዘበት በርሜል በምንም እጥበት ለመጠጥ አይሆንም። የሻገተ ብቅልም መጣል አለበት። ሻጋታ የሚተወው መርዝ በመቀቀልም ሆነ በመጋገር አይጠፋም።

ሦስተኛውና ዋነኛው መዝገብ ነው። የፈረንጁ ጠማቂ በየጥመቃው ቀኑን፣ የእህሉን ክብደት፣ የውኃውን ሊትር፣ ሙቀቱንና ጣዕሙን ይጽፋል። በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለውጣል። ጠላው ካማረ ምክንያቱን ያውቃል፤ ከተበላሸም ያውቃል። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ የልጅ ደብተርና እርሳስ ነው።

የቢራው ጉልበት

ይህ ሁሉ ለምን አሁን አሳሳቢ ሆነ ቢባል መልሱ ከመንገዱ ጋር የመጣው ቢራ ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1915 ዓ.ም. ሲቋቋም ቢራ የአዲስ አበባ ሰው መጠጥ ነበር። ዛሬ ኮምቦልቻ ራሷ የቢራ ፋብሪካ ያላት ከተማ ናት፤ ሳጥኑ የተጫነበት መኪናም አስፋልት እስካለ ድረስ ይደርሳል። በብቅሉ በኩል እ.ኤ.አ. በ1984 ከተመሠረተው ከአሰላው ፋብሪካ በኋላ የጎንደሩ ተጨምሯል፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ በደብረ ብርሃንና በአዲስ አበባ የውጭ ኩባንያዎች ብቅል ፋብሪካዎች ሥራ ጀምረዋል። የቢራ ገብስ ዘሩ የተለየ ቢሆንም ገበሬው የሚዘራበት መሬት አንድ ነው። አንዱ የተሻለ ዋጋ ካገኘ የሌላው አቅርቦት ይቀንሳል።

ጠላ በዋጋ ከቢራ ይረክሳል። ብልጫው ግን በዚህ ብቻ ከተወሰነ ዕድሜው አጭር ነው። ቢራ የሚሸጠው ዛሬም ነገም አንድ ዓይነት ሆኖ ነው። ደንበኛው የሚከፍለው ለዚያ እርግጠኝነትም ጭምር ነው። ጠላ ቤቷ ሰኞ ጥሩ፣ ሐሙስ ኮምጣጣ ከሆነች ርካሽነቷ ብቻውን አያቆማትም። ከዚህ አኳያ ልኬት ይዞ መጥመቅ በቀጥታ ገበያን ማስጠበቅ ማለት ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል፤ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥንም ከልክሏል። ማስታወቂያ ኖሯት የማታውቀዋ ጠላ ቤት በዚህ የምታጣው የለም። ማስታወቂያዋ ከደጇ ያለው ጣሳና ከውስጥ ያለው ጣዕም ነው።

መረቡ ሲቋረጥ

በስልክ ላይ የተቀመጠ ሙያ ሌላም ስጋት አለበት። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ወቅት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆይቷል። በዚያን ጊዜ የጠላ አጠማመቁን ከመረብ ላይ ብቻ ታይ የነበረች ጠማቂ መጽሐፏ ከእጇ ተነጥቋል ማለት ይቻላል። መረብ ሲኖርም ዳታ በገንዘብ ይገዛል፤ አንድ ረጅም ምስል ደጋግሞ ማየት ከትርፉ ላይ ይቀነሳል። ስለዚህ ከስልክ የተገኘ ነገር ሁሉ በወረቀት ላይ ካልሰፈረ እንደተገኘ አይቆጠርም።

ከላይ የተዘረዘሩት ምንጮች ሲጠቃለሉ የሥራ ቅደም ተከተላቸው ይታያል። መሠረቱ የጓዳው ዕውቀት ነው፤ ብርዱንና ገብሱን የሚያውቀው እርሱ ነውና። ምስሉ ዓይን የሚፈልገውን ያሳያል፤ ቀኑና መስፈሪያው ግን እንደወረደ አይወሰድም። ጥናቱ ምክንያቱን ይነግራል። የፈረንጁ መጽሐፍ መለካትንና መጻፍን ያስተምራል። አዲስ የሰማችውን ዘዴ በትልቁ ጋን ላይ የምትሞክር ሴት ካፒታሏን ታስይዛለች። በአንዲት ማድጋ ላይ የምትሞክር ግን የምታስይዘው ከካፒታሏ ቁራጩን ብቻ ነው። ያቺ ማድጋ ብትበላሽ የትምህርት ክፍያ ናት፤ ብትሰምር ደግሞ ልኬቷ በደብተሩ ሰፍሮ ለሚቀጥለው ጋን ይተርፋል።

የደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ስድስት መስመር ይበቃዋል፤ ቀን፣ ገብስ በኪሎ፣ ጌሾ በኪሎ፣ ውኃ በሊትር፣ የተሸጠው ጣሳ ብዛት፣ የአተላው ገቢ። ወፍጮውና ማገዶው ከሥር ይጨመሩ። ከአሥር ጋን በኋላ ጠማቂዋ ከማንም ሳትጠይቅ የትኛው ጋን እንዳበላትና የትኛው እንዳከሰራት ከገዛ እጅ ጽሑፏ ታነባለች። በመካነ ሰላም ገበያ ዋጋ ያልወጣለት አራተኛው ግብዓት ያን ጊዜ ባለቤት ያገኛል።